ከ19 ዓመት በታች የሚባሉት እነማን ናቸው?
(የወጣት ሴቶች የቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫና የልደት ቀን ነገር)

ነገሩን በአንድ ጥያቄ ልጀምረው። አንድ ውድድር «ከ19 ዓመት በታች» ተብሎ ከተሰየመ የ19 ዓመት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች? ይህን የጠየቀኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነው። የወጣት ሴቶችን የቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ በዩቲዩብ እያየን ሳለ የአንዷ ተጫዋች ዕድሜ 19 መሆኑን ሰማና «ይቺ እኮ አልፋለች፤ ማጭበርበር ነው!» አለ። ማጭበርበር አልነበረም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ስፈልግ የውድድሩ ዋና ነገር ያለው እዚያው ሆኖ አገኘሁት።

የወጣቶችን ውድድር ከአዋቂዎቹ የሚለየው ምንድን ነው? ኳሱ አይደለም፤ ሴቶች በወጣትም በአዋቂም ደረጃ የሚጫወቱት ከወንዶቹ ትንሽ አነስ በምትለው 6 ቁጥር ኳስ ነው። ሜዳውም አይደለም። ሕጉም ያው ነው፦ አራት ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ለማጥቃት 24 ሰከንድ፣ ባለ 3 ነጥቡ መስመር 6.75 ሜትር ላይ፣ አምስት ፋውል የሠራች ትወጣለች። የሚለየው የልደት ቀን ብቻ ነው። አንዲት ቀን ተመርጣ መስመር ይሰመርባታል፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለችው ትገባለች፣ ወዲያ ያለችው ትቀራለች። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህ መስመር እንዴት እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን ውጪ እንደሚያስቀር ነው። (ማሳሰቢያ፦ «ዓ.ም» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩ ከየት ተነሳ?

ባለቤቱ በአጭር ስሙ ፊባ የሚባለው ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ነው። ፊባ በ1932 ጄኔቫ ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው። የወጣት ሴቶቹን የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደው ግን በ1985 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ ውድድሩ በየአራት ዓመቱ ነበር። በ1989 ቢልባኦ (ስፔን)፣ በ1993 ሶል (ደቡብ ኮሪያ)፣ በ1997 ናታል (ብራዚል)፣ በ2001 ብርኖ (ቼክ ሪፐብሊክ)፣ በ2005 ቱኒስ (ቱኒዚያ) አዘጋጅተውታል። ከ2005 ወዲህ ውድድሩ የሚካሄደው በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመቶች ነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ስሙ ከ«ሻምፒዮና» ወደ «የዓለም ዋንጫ» ተቀይሯል።

ከ1985 እስከ 2025 ድረስ 16 ጊዜ ተካሂዷል። ከ16ቱ አሜሪካ 11ዱን ወስዳለች። ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን (1985 እና 1989)፣ አውስትራሊያ የ1993ቱን፣ ቼክ ሪፐብሊክ በሜዳዋ የተደረገውን የ2001ዱን፣ ሩሲያ የ2017ቱን አሸንፈዋል። የድሮ መዝገብ ማገላበጥ ለሚወድ ሰው አንድ የሚገርም ነገር አለ። ተጫዋቾቹ ገና «ወጣት» ሲባሉ የነበሩባቸው አንዳንድ አገሮች ዛሬ የሉም። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፤ በ2005 ቱኒስ ላይ ሁለተኛ የወጣችው ሰርቢያና ሞንቴኔግሮም በዓመቱ ለሁለት ተከፍላለች።

ታናሽ እህት የሚሆን ሌላ ውድድርም አለ፤ ከ17 ዓመት በታች የሚባለው። እሱ የተጀመረው በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን የሚካሄደው በተጋማሽ ዓመቶች ነው። ይህን አንባቢ በአእምሮው ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዴት ይገባል?

ለዓለም ዋንጫው የሚደርሱት 16 ቡድኖች ናቸው። ማጣሪያው የሚጠናቀቀው ከዓመት በፊት፣ በየአህጉሩ በሚደረገው ከ18 ዓመት በታች ሻምፒዮና ነው። ልብ በሉ፤ ዘንድሮ በ18 የተጣራው ቡድን ከርሞ 19 ይሆናል ማለት ነው። ለ2025ቱ ውድድር ክፍፍሉ እንዲህ ነበር፦ ከአፍሪካ 2፣ ከአሜሪካ አህጉር 4፣ ከእስያና ኦሺኒያ 4፣ ከአውሮፓ 5፣ በተጨማሪም አዘጋጇ አገር። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ለብቻቸው ሳይሆን ከእስያ አገሮች ጋር ነው የሚጣሩት።

16ቱ ቡድኖች በአራት ምድብ ይከፈላሉ። በምድቡ ሦስት ጨዋታ ይደረጋል፤ ነገር ግን በምድብ ጨዋታ ማንም አይሰናበትም። ሁሉም ወደ ጥሎ ማለፉ ይሄዳሉ። ታዲያ የምድቡ ጨዋታ ጥቅሙ ምንድን ነው ያልን እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው እሱ ነው። በምድቡ አንደኛ የወጣ ከሌላ ምድብ አራተኛ የወጣውን ያገኛል። ከዚያ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ ይቀጥላል። የተሸነፉትም ቢሆኑ ደረጃ ለመለየት መጫወታቸውን ስለሚቀጥሉ አንድ ቡድን እስከ 7 ጨዋታ ያደርጋል። የ2025ቱ ብርኖ ላይ ከጁላይ 12 እስከ 20 ነበር። 7 ጨዋታ በ9 ቀን ማለት ነው! በ12 ተጫዋቾች ይህን መወጣት የሚችለው አምስት ጎበዝ ያለው ቡድን ሳይሆን ከተቀያሪ ወንበር የሚነሱ ጎበዞች ያሉት ነው። የአሜሪካ የበላይነት አንዱ ምስጢር እዚህ ላይ ይገኛል።

መስመሩ የት ነው የተሰመረው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ከ19 ዓመት በታች» የሚለው አጠራር ያሳስታል። ትክክለኛው ትርጉም «ውድድሩ በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላቸውና ከዚያ የሚያንሱ» ማለት ነው። በአሠራር ደረጃ መስመሩ ሁሌም ጃንዋሪ 1 ነው። ለ2025ቱ ውድድር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ የተወለደች ትጫወታለች። ዲሴምበር 31 ቀን 2005 የተወለደች አትጫወትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሌሊት ነው።

«ይሄ እኮ ለወሬ ያህል ነው፤ አንድ ሌሊት ማንን ይጎዳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እስቲ ሁለት ልጆች ላምጣ። የቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ኬትሊን ክላርክና ፔጅ ቤከርስ። ሁለቱም አሜሪካዊ፣ ሁለቱም ኳስ አቀባይ፣ ሁለቱም በ2020 ወደ ኮሌጅ የገቡ፣ በኋላም ሁለቱም በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ (ደብሊው ኤን ቢ ኤ) ምርጫ በየዓመታቸው አንደኛ ሆነው የተጠሩ ናቸው። በ2019 ባንኮክ ላይ አንድ ማሊያ ለብሰው ተጫውተዋል። በዚያ ውድድር አሜሪካ አውስትራሊያን በጭማሪ ሰዓት 74 ለ70 አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ ሁለቱም የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ። ክላርክ ገና ከተቀያሪ ወንበር የምትነሳ ነበረች።

በ2021 ውድድሩ ወደ ሃንጋሪዋ ደብረጼን ሄደ። መስመሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ነበር። ክላርክ የተወለደችው ጃንዋሪ 22 ቀን 2002 ነው። በ21 ቀን ተርፋ ገባች! አሜሪካም በፍጻሜው አውስትራሊያን 70 ለ52 አሸነፈች፤ ክላርክም የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተባለች። ቤከርስስ? እሷ የተወለደችው ኦክቶበር 20 ቀን 2001 ነው። ለዚህ ውድድር አርጅታለች! ከክላርክ የምትበልጠው በሦስት ወር ብቻ ሲሆን፣ ያን ዓመት በአሜሪካ ኮሌጆች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብላ ሽልማት ወስዳ ነበር። ሆኖም በሯ ተዘግቷል።

ይህን ታሪክ ለእኛ ለየት የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ሁለቱን የልደት ቀኖች ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ብንመልሳቸው የቤከርስ ጥቅምት 10 ቀን 1994 ዓ.ም፣ የክላርክ ጥር 14 ቀን 1994 ዓ.ም ይሆናል። በእኛ ቆጠራ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ዓመቱን ከመስከረም የሚጀምር ፌዴሬሽን ቢሆን ኖሮ ወይ ሁለቱም ይገቡ ነበር ወይ ሁለቱም ይቀሩ ነበር። ከዚህ የምንረዳው መስመሩ ከተፈጥሮ የመጣ እንዳልሆነ ነው። ሰው ያሰመረው ነው። የሆነ ቦታ መሰመሩ ደግሞ ግድ ነው፤ አለዚያ የወጣት ውድድር የሚባል ነገር አይኖርም።

ጎዶሎና ተጋማሽ

ቅድም በአእምሯችሁ ያዙልኝ ያልኩትን እዚህ ላይ ላንሳው። ከ19 በታች በጎዶሎ ዓመት፣ ከ17 በታች በተጋማሽ ዓመት ነው የሚካሄደው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን በልጆቹ ዕድል ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። እናስላው።

በ2024 ከ17 በታች ውድድር ላይ ትልቆቹ የ2007 ልጆች ነበሩ። በ2025 ከ19 በታች ላይ ትልቆቹ የ2006 ልጆች ነበሩ። በ2026 ከ17 በታች ትልቆቹ የ2009 ልጆች፣ በ2027 ከ19 በታች ደግሞ የ2008 ልጆች ይሆናሉ። ስናየው፦ በጎዶሎ ዓመት የተወለደች ልጅ «ትልቋ» የምትሆነው በ17ቱ ውድድር ላይ ነው፤ 19ኙ ላይ ስትደርስ ሁሌም የምትበልጣት አለች። በተጋማሽ ዓመት የተወለደችው ደግሞ በ17ቱ ታናሽ ሆና ትሰቃይና 19ኙ ላይ ተራዋ ይደርሳል። አንዱ ውድድር የነፈጋትን ሌላው ይመልስላታል ማለት ነው።

በእርግጥ እንዲህ ይሠራል ወይ? ቤከርስ የ2001 (የጎዶሎ) ልጅ ናት፤ በ2018 ሚንስክ ላይ ከ17 በታች ውድድር ኮከብ ተጫዋች ሆነች። ክላርክ የ2002 (የተጋማሽ) ልጅ ናት፤ ኮከብ የሆነችው በ19ኙ ነው። ሌሎችንም እንይ። ከ2013 እስከ 2021 የ19ኙ ውድድር ኮከብ ተጫዋቾች እነዚህ ናቸው፦ ብሪያና ስቱዋርት (2013፣ የተወለደችው 1994)፣ ኤጃ ዊልሰን (2015፣ የተወለደችው 1996)፣ ሩሲያዊቷ ማሪያ ቫዴዬቫ (2017፣ የተወለደችው 1998)፣ ራይን ሃዋርድ (2019፣ የተወለደችው 2000)፣ ኬትሊን ክላርክ (2021፣ የተወለደችው 2002)። አምስቱም በየውድድራቸው ከተፈቀደው ዕድሜ ትልቁ ላይ የነበሩ ናቸው። አምስቱም!

እንግዲህ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። አጥንት ይጠነክራል፣ ትከሻ ይሰፋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ጨዋታ የተጫወተች ልጅ አትደናገጥም። ግን ዕድሜ ሁሉን ነገር ይወስናል ብሎ መደምደም አይቻልም። በ2023 ማድሪድ ላይ ስፔን በአሜሪካ 69 ለ66 ተሸንፋ ዋንጫው ቢያመልጣትም ኮከብ ተጫዋች የተባለችው የራሷ ልጅ ኢያና ማርቲን ነበረች፤ ዕድሜዋ ገና 17 ነበር። ችሎታ ዕድሜን ሊቀድም ይችላል። ለዚያ ግን አስቀድሞ ሜዳ ላይ የሚያስገባት አሰልጣኝ ያስፈልጋል።

በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ ወርም አለ። በጃንዋሪ የተወለደችና በዲሴምበር የተወለደች በወረቀት የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ በመካከላቸው ግን 11 ወር አለ። በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን የልደት ወር የቆጠሩ ተመራማሪዎች በዓመቱ መጀመሪያ ወሮች የተወለዱት ከመጠን በላይ በዝተው አገኟቸው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ስፖርቶችም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ልጆቹ ገና በ10 እና በ11 ዓመታቸው ሲመረጡ በዕድሜ ቀደም ያለችው ረዘም ትላለችና «ጎበዝ» ትባላለች፤ ጎበዝ ስለተባለች የተሻለ ሥልጠና ታገኛለች፤ የተሻለ ሥልጠና ስላገኘች በእውነትም ጎበዝ ትሆናለች። ታናሿ ደግሞ ሳትታይ ትቀራለች። «ለላለው ይጨመርለታል» እንደሚባለው ነው።

አሜሪካ ለምን?

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። የልደት ቀን ለሁሉም አገር እኩል ከሆነ አሜሪካ ለምን ሁሌ ታሸንፋለች? በወጣቶች ውድድር ዋንጫን «ማስጠበቅ» የሚባል ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም በየሁለት ዓመቱ መስመሩ ስለሚሻገር የቡድኑ አብዛኛው ሰው ይቀየራል። ክላርክ ሁለቴ መጫወቷ ጥቂቶች የሚያገኙት ዕድል ነው። ስለዚህ በተከታታይ የሚያሸንፍ አገር ጥሩ ቡድን ያለው ሳይሆን ቡድን የሚያፈራ ሥርዓት ያለው ነው።

አሜሪካ በ1972 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች በፆታ ልዩነት እንዳያደርጉ ከልክላለች። ይህ ሕግ ለሴቶች ስፖርት በር ከፈተ፤ ቡድን፣ አሰልጣኝ፣ የነጻ ትምህርት ዕድል በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። አስራ ሁለት ልጆች ሲያልፉ ሌሎች አስራ ሁለት ተሰልፈው የሚጠብቁት ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ አይነኬ አይደለችም። በ2017 ጣሊያን ኡዲኔ ላይ ሩሲያ በፍጻሜው 86 ለ82 አሸንፋታለች። (ሩሲያ በ2022 በፊባ ስለታገደች በ2023 እና በ2025 ውድድሮች አልነበረችም።) አውስትራሊያም በ2019፣ በ2021 እና በ2025 ለፍጻሜ ደርሳ በሦስቱም ተመልሳለች፤ የ2025ቱ 88 ለ76 ነው ያለቀው።

አፍሪካስ?

ውድድሩ አፍሪካ ላይ የተደረገው አንድ ጊዜ፣ በ2005 ቱኒስ ውስጥ ነው። ከአፍሪካ ቡድኖች ትልቁን ደረጃ ያገኘችው ደግሞ ማሊ ናት። በ2021 ደብረጼን ላይ ማሊ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄዳ አራተኛ ወጣች፤ ለነሐስ ሜዳሊያው ከአዘጋጇ ከሃንጋሪ ጋር ተጫውታ ነው የተሸነፈችው። ከዚያ ቡድን ውስጥ ሲካ ኮኔ የምትባለው ልጅ ከቦርድ የተመለሰ ኳስ በመልቀም ማንም አልቻላትም ነበር። በዓመቱ በ2022 የኒውዮርክ ሊበርቲ ክለብ በደብሊው ኤን ቢ ኤ ምርጫ ወሰዳት። ከባማኮ ተነስቶ ኒውዮርክ ድረስ የሚያስጠራ በር የከፈተላት ይህ ውድድር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መልማዮች የሚመጡት እንዲህ ያለ ቦታ ነውና።

ስለ ማሊ ስጽፍ ግን ደስታውን ብቻ ጽፌ ማለፍ አልችልም። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ በጁን 2021፣ ኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣና ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት አንድ ነገር ይፋ አደረጉ። በማሊ የወጣት ሴቶች ቅርጫት ኳስ ውስጥ አሰልጣኞች በተጫዋቾች ላይ ወሲባዊ ጥቃትና ትንኮሳ ፈጽመዋል የሚሉ ምስክርነቶች ነበሩ። ፊባም ጉዳዩ በገለልተኛ ሰው እንዲመረመር አደረገ።

ይህ ነገር ከልደት ቀን ጋር ምን አገናኘው? በጣም ይገናኛል። አስቡት፤ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ዕድሏ አንድ ወይም ሁለት ውድድር ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። መስመሩ አይጠብቃትም። ከ12ቱ ስሞች ውስጥ እንድትገባ የሚወስነው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ አሰልጣኙ። «ዘንድሮ ካልሄድሽ መቼም አትሄጂም» ማለት ሳያስፈልገው ልጅቷ ራሷ ታውቀዋለች። ጊዜ ያጠረበት ሰው ዝም ይላል። ስለዚህ «ወጣት» የሚለው ቃል በፊባ ሕግ ውስጥ የዕድሜ ጣሪያ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም። ወጣት ማለት ጠባቂ የሚያስፈልጋት ማለትም ነው። ውድድሩ ትልልቆች እንዳይገቡ መስመር ሲያሰምር፣ ከመስመሩ ውስጥ ያሉትንም ከትልልቆች መጠበቅ አለበት።

ለእኛ ምን ይሆነናል?

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ውድድር ታሪክ ውስጥ የለም። ለምን የለም የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዘውን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። እስካሁን ስለ መስመሩ ያልኩት ሁሉ የሚሠራው የልደት ቀን በወረቀት ላይ ሲኖር ነው። ወረቀት የሌላት ልጅ ከመስመሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ አይደለችም፤ ከጨዋታው ውጪ ናት። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ (ኦገስት 2016) ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ሰው የልደት ቀኑን የሚያውቀው «የጥምቀት ሰሞን ነው»፣ «ክረምት መግቢያ ላይ ነው» በሚል ነው። እናት አትሳሳትም፤ ፌዴሬሽን ግን የእናት ቃል አይቀበልም። ወረቀት በላላበት ቦታ ደግሞ የማጭበርበሩም ጥርጣሬ ይበዛል። በእግር ኳስ ፊፋ በ2009 በወንዶች ከ17 በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤም አር አይ እስከማስነሳት የሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ ከዚህ ውድድር ሦስት ነገር መውሰድ እንችላለን ብዬ አስባለሁ።

1ኛ፦ «ከ19 ዓመት በታች» ብለን ስንጽፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የልደቱን መስመር እንጻፍ። «ከጃንዋሪ 1 ቀን እንዲህ ዓመት ጀምሮ የተወለዱ» የምትል አንዲት ሐረግ ብዙ ክርክር ትዘጋለች።

2ኛ፦ የተጫዋች ዕድሜ ስንቀይር ዓመቱን ብቻ ቀንሰን አንለፍ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ የሚቀነሰው 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ነው። በዕድሜ ውድድር ላይ ይህቺ የአንድ ዓመት ስህተት አንዲትን ልጅ አጭበርባሪ ልታስብላት ትችላለች።

3ኛ፦ የምንጽፈው ስለ ልጆች መሆኑን አንርሳ። ከ18 ዓመት በታች ያለች ተጫዋች ስትሸነፍ የምናወጣው ርዕስ፣ ጥቃት ደርሶባታል ሲባል የምንጠራው ስም ዕድሜዋን ያገናዘበ መሆን አለበት። ኮከብ ብትሆንም ልጅ ናት።

ከ2025 ቀጥሎ የሚመጣው የ2027ቱ ውድድር ነው። መስመሩ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ላይ ይሰመራል። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም ማለት ነው። አዎ፣ ሚሊኒየሙ! የሚሊኒየም ልጆች እያልን የምንጠራቸው፣ በዚያ ዓመት የተወለዱት ሴቶች ልጆች፣ ከታኅሣሥ 22 በኋላ ከሆነ የተወለዱት ለ2027 ይደርሳሉ። በእንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደችው ግን አትደርስም። የልደት ምዝገባው ሲጀመር እነዚህ ልጆች ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከመካከላቸው በየሰፈሩ ሜዳ ኳስ የምታነጥር ካለች፣ እሷ ከመስመሩ በየት በኩል እንዳለች ማወቅ ያለባት ከመስመሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ለዚያ አሰልጣኝም፣ ቀበሌም፣ ጋዜጠኛም የየድርሻቸውን ሊሠሩ ይገባል።